ግራጫዋ ሳጥን

እማማ ኤልፍነሽ ፎርሙ ላይ «የልደት ቀኔን ሞልቻለሁ» ይላሉ። ሰርቨሩ ባዶ ነው ይላል። እሳቸው ጳጉሜን 3 ቀን 1940 ብለው በቃላቸው ይጠሩታል። ሰርቨሩ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር አድራሻቸውን ይዟል፤ በልደት ቀኑ ቦታ ግን ምንም የለም።

ፎርሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ዳንፎርዝ አካባቢ ያለ የአረጋውያን ሕንፃ አሥራ ሁለት ክፍሎች በዕጣ ሊሰጥ ሲል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰዎቻችን በአማርኛ እንዲመዘገቡ ፈለጉ። የሞሉትን እንደመጣ፣ አንድ በአንድ ሳላይ፣ ለሕንፃው ቢሮ የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። ዕጣው ባለፈው ዓርብ ወጣ። የልደት ቀኑ ያልተጻፈ ሰው ዕጣው ውስጥ አልገባም። እማማ ኤልፍነሽ የልጃቸው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመሩ አራት ዓመታቸው ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ይሄ ሰርቨር የምትለው ማነው?»

«ሰው አይደለም እማማ፤ የተሞላውን የሚቀበል ኮምፒውተር ነው። በአማርኛ አገልጋይ እንደማለት ነው።»

«እንግዲያው አገልጋይ ዋሸ በለኛ። ስንቱን አይቻለሁ።»

በምዝገባው ቀን እንዳደረጉት አድርገው እንዲሞሉት ለመንኳቸው። ጳጉሜን 3 ሲመርጡ፣ ከሥር ባለችው ግራጫ ሳጥን ውስጥ የፈረንጁ ቀን ተሰልቶ ወጣ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1948።

«ይኸው፤ ታወራለህ እንጂ አታይም» አሉ።

ላክነው። ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ የላከውን ከፍቼ አየሁ። ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ አድራሻ አለ። ቀን የለም።

ያኔ ገባኝ። የተሰላውን ቀን ማንም በስህተት እንዳይነካው ብዬ ሳጥኗን ዘግቻት ነበር። ብራውዘር ደግሞ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለውን ለሰርቨር አይልክም፤ ሰው እያየው እዚያው ይቀራል። በፈረንጅ አቆጣጠር የሞሉት የሚጽፉት በሌላ ክፍት ሳጥን ስለሆነ ደርሶላቸዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞሉት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ግን ሁሉም ቀርተዋል።

«እርስዎ ልክ ነዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ሰኞ ለሕንፃው ቢሮ ደወልኩ። ሴትየዋ በትሕትና አዳመጠችኝ። ቁልፎቹ ተሰጥተዋል፤ ምዝገባው እንደገና የሚከፈተው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው አለችኝ። ደብዳቤ ልጻፍ ወይ ስላት መጻፍ ትችላለህ አለች። ይጠቅማል አላለችም።

ከዚያው ወደ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ልጃቸው ሩሀማ ለሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ቴስት አላደረግከውም እንዴ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አድርጌዋለሁ። በራሴ ልደት።»

«በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

የሁለተኛውን ጫማዋን ክር ጠበቅ አድርጋ ሳበች።

«እማማ፣ በሚቀጥለው ምዝገባ እኔ ራሴ እሞላልዎታለሁ» አልኩ።

እማማ ኤልፍነሽ የአንሶላቸውን ጫፍ ከጫፍ አጋጥመው እያጠፉ ነበር። አጥፈው ጨረሱና ሶፋው ዳር አስቀመጡት።

«ተወው ያቤጽ» አሉ። «ሩሀማ፣ አንቺም ስሚኝ። ከእንግዲህ የትም አልመዘገብም።»