ደርቋል ያለው ማነው?

የጋራዡ ባለሙያ እንግዳ፣ መስታወት ሲገጥም አይቸኩልም። ቅዳሜ ከሰዓት የወይዘሮ አፀደን ሚኒባስ የፊት መስታወት ቀይሮ ሲጨርስ ሾፌሩን ኢያቄምን ጠራውና ጠርዙን በጣቱ አሳየው።

«ስማኝ፤ ማስቲሹ ላዩ ይደርቃል እንጂ ውስጡ ገና ነው። ደረቀ ማለት ያዘ ማለት አይደለም። እስከ ሰኞ ጠዋት ከዚህ ግቢ ንቅንቅ እንዳይል። መስኮት ሳትከፍቱም በሩን እንዳትወረውሩት፤ የታፈነው አየር መስታወቱን ገፍቶ ያላቅቀዋል።»

«እንደ አራስ ይተኛ በለኛ ጋሼ!» ብሎ ሳቀ ኢያቄም።

እሁድ እንግዳ ቅዳሴ ሲሄድ የጋራዡን ቁልፍ ለፈየራ ተወለት። ፈየራ የሥራ ባልደረባው ብቻ አይደለም፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁም ነው።

ሲመለስ ግቢው ባዶ ነበር። ለቡ ሰፈር የፈየራ የአክስት ልጅ ሰርግ ኖሮ፣ ሚኒባሱ ሰርገኛ ጭኖ ሄዷል። መንገድ ላይ አንዱ በሩን ድርግም ቢያደርገው መስታወቱ ተላቀቀ፤ ጥቂት እንደሄዱም ኢያቄም ላይ ተደረመሰ። ክንዱ ስምንት ቦታ ተሰፋ።

ወይዘሮ አፀደ ባሏ ሲሞት የቀረላት ይቺው መኪና ናት። ኢያቄምንና ፈየራን አስከትላ ጋራዡ ድረስ መጣች።

«አንተን አምኜ እኮ ነው እንግዳ!»

«ጋሼማ እስከ ሰኞ ብሎኝ ነበር» አለ ኢያቄም የታሰረ ክንዱን ደግፎ። «ዛሬ ግን ፈየራ፣ ‹እንግዳ ጠዋት ነክቶ አይቶት ደርቋል፣ ይሂድ ብሏል› አለኝ።»

«እኔ አልነካሁትም። ይሂድም አላልኩም።»

እንግዳ ወደ ፈየራ ዞረ። አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ፈየራ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ማርያምን! ብለኸኛል።»



«አንተም ማልና ይለይ» አለች ወይዘሮ አፀደ። ድምፅዋ ልመና ነበረው።

እንግዳ በእውነትም ሆነ በሐሰት ላይምል ለንስሐ አባቱ ቃል ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

«እኔ አልምልም እትዬ። አላልኩም፤ ቃሌ ይኸው ነው።»

«እውነት የያዘ ሰው ማርያምን ይፈራል?» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ኢያቄም አንዴ ዞር ብሎ አየውና ተከተላት።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ፈየራ ጠጋ አለ።

«አበልጄ፣ ጨንቆኝ እኮ ነው። ታሳስረኝ ነበር። አንተ ስም አለህ፤ ጥቂት ቢነካ አይታወቅብህም ብዬ…»

«ቁልፉን።»

ፈየራ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። «ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ።»

እንግዳ ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ጨበጠ።

«ማል ብትልህስ?» አለው። «በማን ስም ትምልላታለህ?»