ሐኪም ፊት የሚደበቀው ምት

ሙላቷ እስራኤል አገር፣ በሀደራ ከተማ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ባለ ልብስ ማጠቢያ የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሥራ ላይ ሳለች ልቧ ድንገት ይራወጥባታል፤ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ቁፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ክሊኒኩ፣ ሄዳ ሐኪሙ ፊት እስክትቀርብ ደግሞ ይተዋታል። ሦስት ጊዜ የልብ ምርመራ ተደረገላት፤ ሦስቱም ጊዜ ወረቀቱ ደህና ነሽ አላት። "ጭንቀት ይሆናል" ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲያ መናገሩንም ተወችው።

በአራተኛው የሄደችው ደም ግፊቷን ለመለካት ነበር። ነርሷ አዲና እዚሁ አገር የተወለደች፣ አማርኛዋ የሚሰባበር ልጅ ናት። መለኪያውን ክንዷ ላይ እያሰረችላት፣ "ሌላስ ምን ያምዎታል፣ እማማ?" አለቻት።

"ምን ልበልሽ ልጄ፣ ልቤ ነው። ግን ተፈልጎ አልተገኘም።"

"ረጋ፣ ረጋ፣ ይቆዩ። እንዴት ነው የሚመታው? በጣትዎ ያሳዩኝ።"

ሙላቷ ጠረጴዛውን መታች። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንዴ፣ ከዚያ አራት አምስት በተከታታይ። አዲና መለኪያውን ተወችው።

"አንዳንዱ ልብ አልፎ አልፎ አንድ ምት ይስታል፤ ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። አንዳንዱ ይፈጥናል፣ ግን እኩል እኩል ይመታል። የእርስዎ ሥርዓትም የለው። ይሄንን መያዝ አለብን።"

የክሊኒኩን ሐኪም ዶክተር ዮራምን አነጋግራ ሆልተር አሰጠቻት፤ ቀኑን ሙሉ የልብን ምት የሚመዘግብ፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ነው። "ሲመጣብዎ ሰዓቱን ይጻፉልኝ" አለቻት።

በማግስቱ ሙላቷ መሣሪያውን ከሸሚዟ ሥር አድርጋ ሥራ ገባች። ስትሸሸው የኖረችውን በሽታ ያን ቀን እየሠራች ጠበቀችው። እስከ ምሳ የለም። "ዛሬም ልታሳፍረኝ ነው?" አለችው ልቧን። ከምሳ በኋላ መጣ። የአንሶላው ክምር ላይ ዘፍ ብላ ሰዓቱን ጻፈች። ፈርታለች፤ ግን ደስም ብሏታል።

ከሦስት ቀን በኋላ ዶክተር ዮራም መሣሪያው የመዘገበውን ወረቀት ዘረጋላት፤ አዲና አስተረጎመች።

"የልብዎ የላይኛው ክፍል በደንብ በመምታት ፈንታ ይርገበገባል። እንዲህ ሲሆን ደም ይረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። አሁን ስላወቅነው መድኃኒት አለው። ደግሞ፣ ቀድመን በደንብ ልንሰማዎት ይገባ ነበር፣ ይቅርታ ይላል።"

"እንግዲያ ከጭንቀት አልነበረም?"

"አልነበረም፣ እማማ።"

ሙላቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ደም የሚያቀጥን ኪኒንና ምቱን የሚያረጋጋ ሌላ ኪኒን ታዘዘላት። በሁለት ወር ውስጥ ግርግሩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ደረጃ ስትወጣም ማረፍ ተወች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ሳይኖራት አዲና ዘንድ መጣች። የክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ጎረቤቷን አቶ ምናለን በክንዳቸው ይዛለች።

"እሳቸውም ልቤ ይላሉ፤ ለሰው ግን አይናገሩም።"

"ኧረ እኔ ደህና ነኝ!" አሉ አቶ ምናለ፣ ወደ በሩ እያዩ።

አዲና ወንበር ሳበችላቸው። "ይቀመጡ፣ አባባ። ጊዜ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"