የእናትየው የቤት ሥራ

«እስከ ዓርብ አፏን ካልከፈተች ሦስተኛ ክፍል ትወርዳለች» አለኝ ርዕሰ መምህሩ፣ ስለተሰበረ ወንበር የሚያወራ ይመስል።

ልጅቷ እኔ የማስተምራት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እስከ ዓምና የተማረችው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ከሒሳብ እስከ ስፖርት ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ከመጣች ጀምሮ ስሟ ሲጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ ድምፅዋን የሰማ የለም፤ ልጆቹም «ዝምታ» ይሏታል። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ደግሞ ታናሽ እህቷ ናት። ትልቅ እህት ጉልበቷን አጥፋ ከታናሿ ጎን፣ እዚያ ትንሽ ዴስክ ላይ ስትቀመጥ ታየችኝና ደሜ ፈላ።

«ማሰብ ያቃታት መሰለዎት? ቃሉ ነው የጠፋት» አልኩት።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዕውቀትም አይገባም» ብሎ ሳቀ። ተረቱን ያስረዘመው ራሱ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እናትየው ዘንድ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ጠባብ ስለሆነች የሱሪው ክምር፣ ካውያውና ደንበኛው ተራ በተራ ካልሆነ አይገቡም። ልጅቷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትለያለች። እናትየው ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና በእንግሊዝኛ «ውሃ» አለቻት። ልጅቷ ውሃ አመጣች። ከዚያ ሁለቱም ዝም።

«ተኳርፋችኋል እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ በፍጹም፣ ቲቸር» አለች፣ መርፌዋን ደረቷ ላይ እየሰካች። «ላስመዘግባት ስመጣ ዳይሬክተሩ፣ እቤት ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳትናገሪያት፣ ትደናገራለች አሉኝ። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ የማውቀው ‹ውሃ›ን፣ ‹ነይ›ን፣ ‹ብይ›ን፣ ‹ተኚ›ን ነው። እንዳላበላሻት ብዬ ዝም አልኩ። ድሮ እኮ እሷ ማውራት ስትጀምር በሳቅ መቀሱ ከእጄ ይወድቅ ነበር። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ትናፍቀኛለች።»

ለርዕሰ መምህሩ ያሰናዳሁትን ስድብ ዋጥ አደረግኩና ወንበር ሳብኩ።

«እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ቋንቋ አውሪያት። በአንዱ ቋንቋ የገባት ነገር በሌላው ቃል ሲያገኝ ይወጣል፤ ያልገባት ግን በየትኛውም አይወጣም። የዓርቡ ትምህርት ስለ ትነት ነው። ሁለት እራፊ ጨርቅ ንከሪ፤ አንዱን ዘርጊው፣ አንዱን አጣጥፈሽ አስቀምጪው። የትኛው ቀድሞ እንደደረቀ እሷ ትንገርሽ። ያንቺ የቤት ሥራ ‹ለምን?› ማለት ብቻ ነው።»

«መልሱን ሳላውቅ?»

«ባታውቂው ይሻላል።»

በማግስቱ ክፍሌ በር ላይ የተለጠፈውን «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ወረቀት ቦጭቄ ጣልኩ። ልጅቷን፣ ቋንቋዋን ከምትጋራትና ወሬ ከማይሰለቻት ልጅ ጎን አስቀመጥኳት። ባልዲና ጨርቅ አመጣሁ። የሚያስፈልጉትን ቃላት ከነሥዕላቸው ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ልጆቹ የሚጨርሱት የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ጻፍኩ። ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። የከበደኝ መጠበቁ ነው። እኔ ጠይቄ መልሱ ሲዘገይ ራሴ የምመልስ ቱግ ባይ ነኝ። አሁን ግን ጥያቄ ጣል እያደረግኩ ጥርሴን ነክሼ ዝም ማለት ተለማመድኩ። ከባልዲው ውሃ ይልቅ እኔ የምተን መሰለኝ።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሁለቱን ጨርቆች ከፍ አድርጌ፣ የተዘረጋው ለምን ቀድሞ እንደደረቀ ልጅቷን ጠየቅኳት። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። እጄን አንስቼ አስቆምኩት፤ ለካስ አለቃንም ዝም ማሰኘት ይቻላል። ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዞራ በቋንቋዋ ስታንሾካሹክ ቆየች። እሱ ግንባሩን ቋጠረ። እኔም ጠበቅኩ።

ከዚያ ተነሣች። ሰሌዳውን አየት አድርጋ፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ዘረጋችና በእንግሊዝኛ ተናገረች። «ይሄ ቀድሞ ይደርቃል፣ ምክንያቱም አየር ብዙ ቦታውን ይነካል። የታጠፈው ግን ውስጡ አየር አያገኝም።»

ግሱ ተንጋዶ ነበር። ሐሳቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ እሱም በእንግሊዝኛ። «አሁንም ሦስተኛ ክፍል ይሻላታል።»

ልጅቷ አልተቀመጠችም። ወደ እሱ ዞራ፣ ሳትቆጣና ሳትፈራ፣ እናቷ ሰሞኑን ስትጠይቃት እንደሰነበተችው ጠየቀችው።

«ለምን?»

አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ከልጆቹ አንድም የሳቀ የለም፤ እንዳስለመድኳቸው ጸጥ ብለው ጠበቁት። እኔም ጣልቃ አልገባሁም። እንደዚያን ቀን መጠበቅ ቀሎኝ አያውቅም።

«እንግዲህ... እዚሁ ትቀጥል» አለና ኮቱን እያራገፈ ወጣ።

ከትምህርት በኋላ ለእናትየው ላበሥር ስሮጥ ልጅቷ ቀድማኝ ደርሳለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል። እኔም ከኋላው ተሰለፍኩ። መቀሱ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።