የተሰፋው ኪስ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ቆይ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ። ጣራው ሲያፈስ «ቆይ»፣ ጫማው አፉን ሲከፍት «ቆይ»። መልአከ ሞት ሲመጣበት እንኳ «ቆይ፣ ይቺን ቁልፍ ልትከልና» የሚለው ይመስለኛል።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ ቁጥብነቱ ጠቅሞናል። ይህ ቤት የቆመው፣ ልጃችንም ተምራ ለወግ ለማዕረግ የበቃችው በእሱ «ቆይ» ነው። ገንዘቡ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየዘመዱ ቤት እንንከራተት ነበር። እኔ የተጣላሁት ከአንድ ጨርቅ ጋር ብቻ ነው።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ለራሱ ሙሉ ልብስ ሊሰፋበት አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ገዛ። ልብሱ ሲያልቅ ዘንጦ፣ ሐይቁ ላይ እሁድ እሁድ በሚዞረው ጀልባ ሊያንሸራሽረኝ ቃል ገባ። ሐይቁ ከቤታችን በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። ጨርቁ ሳጥን ገባና ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ከረመ። በየዓመቱ ያወጣውና ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ይጨምርበታል፤ መልሶ ይቆልፍበታል። እኔን እንደዚያ ተንከባክቦኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ልጃገረድ እመስል ነበር።

«ለልጃችን ሠርግ እንኳ ስፋው» ስለው፣ «ቆይ፣ በሠርግ ማን የሙሽራ አባት ያያል?» አለኝ።

«ጀልባውስ?»

«ውሃው የት ይሄዳል?»

«ውሃውማ የትም አይሄድም። የምንሄደው እኛ ነን።»

እየሳቅኩ ነው ያልኩት። ግን ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይከዳኝ ጀምሯል። ያንን ጀልባ በእግሬ ሳልወጣበት እንዳልቀር ከልቤ እፈራ ነበር።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሞተ። የባሌ የልብ ጓደኛ ነበር። እሱ የባሌን ፀጉር በነፃ ይቆርጣል፤ ባሌ የእሱን ሱሪ በነፃ ያሳጥራል፤ ሁለቱም እኔ አተረፍኩ ብለው ይደሰታሉ። ሚስቱ አስከሬኑን ሲያለብሱ እንዲያግዝ ባሌን አስጠራችው። የሚለብሰው ከስምንት ዓመት በፊት ባሌ ራሱ የሰፋለትን ኮት ነበር።

ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ኪሱ አልተፈታም» አለኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባሌ ኮት ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ኪሱ ቅርጹን እንዳያጣ አፉን በነጭ ክር ይሰፋዋል። ባለቤቱ መጀመሪያ በለበሰው ቀን ክሩን ይፈታዋል።

«ስምንት ዓመት ሙሉ» አለ፣ «አንድ ቀን እንኳ እጁን አልከተተበትም። ለደህና ቀን ብሎ አስቀምጦት ነው አለችኝ።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም ያን ቀን አላሾፍኩበትም።

በነጋታው ሳጥኑን ከፈተ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጠመኔውን አነሳ። «ቆይ» ከማለቱ በፊት መቀሱን አቀበልኩት። ጨርቁ የተገዛው ለያኔው ደንዳና ጎረምሳ ስለነበረ፣ ለአሁኑ ሽማግሌ ሲለካ ተረፈ።

«ትራፊውን እናስቀምጠው» አለ።

«ለእኔ ጉርድ ይወጣዋል።»

«የወንድ ጨርቅ እኮ ነው።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ከወንድ ጋር ኖሬ ምን ሆንኩ?»

ጉርዱም ተሰፋ።

እሁድ ሐይቁ ዳር ተሰለፍን፤ እሱ በኮቱ፣ እኔ በጉርዴ። አንድ ፈትል መሆናችንን ያላየ ሰው አልነበረም። ከፋዩ እሱ እንዲሆን ብዬ ገንዘቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ኪሱ ሊከተው እጁን ሰደደና ቀጥ አለ።

«ቆይ» አለ።

ይኸው፣ ከደጁ አድርሶ ሊመልሰኝ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

«ሰፍቼዋለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። በልማድ የራሱን ኪስ ሰፍቶ ዘግቶታል። ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ከእጁ ሳይለይ ኖሮ፣ ያን ቀን መቀስ የለውም። ወረፋው ደርሶናል፤ ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀምረዋል። ጎንበስ አልኩና ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

«አጭሩን ዙር ነው ረጅሙን?» አለ ቲኬት ሻጩ።

ባሌ ሰሌዳው ላይ ያለውን ዋጋ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ረጅሙን» አለ።

ከፍሎ ሲያበቃ ክሩን ከከንፈሬ ላይ ለቀም አደረገና፣ በጣቱ ጠቅልሎ አዲሱ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ይጠቅማል» አለኝ። ከዚያ ጉልበቴን አውቆ ክንዱን ሰጠኝ፤ ጀልባው ላይም ወጣን።