ውጭ የምትቀረው

ልብስ ሰፊዋ የጥሪ ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፤ ገለበጠችው፤ አሸተተችውም። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ነገር ሁሉ ለእሷ አስቀድሞ ይሸታል። “ለመብት ትግሉ አንጋፋና ወጣት መሪዎች የክብር ሽልማት” ይላል።

“ትናንት በቆመጥ፣ ዛሬ በሜዳሊያ” አለች፣ ካርዱን የስፌት መኪናው ላይ እየወረወረች። “ምን ታይቷቸው ነው?”

ሰፈሩ “መርፌ” ያላት ያለ ነገር አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። የታችኛው ሰፈር ሰው በከተማው ሐኪም ቤት የፊት በር አይገባም በተባለበት ዘመን፣ ምጥ የያዛት እንኳ በጓሮ ዞራ ከሁሉም ኋላ በምትታይበት ዘመን፣ ሰዉን ሰብስባ በሩ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ታስራለች፣ ተደብድባለች። የትግሉ ሰዎች አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ሲሰበሰቡ ሁሉም አንድ ቤት አይገቡም፤ አንድ ሰው ውጭ ይቀራል። የገቡት ቢታፈሱ የቀረው ለሰፈሩ ይናገራል፣ ጠበቃ ይጠራል። በዚህ ደንብ ብዙ ሰው ተርፏል።

አሁን በሩ ተከፍቷል። ለበሩ ብለው የታሰሩት ግን ሁሉም አልተፈቱም። የት እንዳሉ እየጠየቀች ሹማምንቱን እንቅልፍ የነሳቻቸው የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ናት። ተማሪዎቹ “ቃሪያ” ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ታቃጥላለች። ሰኞ የምትመራው ሰልፍ አለ። ካርዱ ላይ ከአክስቷ ስም ቀጥሎ የሰፈረው የእሷ ስም ነው።

“አንቺ አትገቢም” አለቻት ልብስ ሰፊዋ። “አዳራሹን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በሩ አንድ ነው። ሁላችንንም ፊት ወንበር ላይ ደርድረው በሩን ቢዘጉብንስ? ውጭ የምትቀሪው አንቺ ነሽ።”

“አክስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ሲጨበጨብልኝ ብሰማ ምናለበት?”

“እኔ እሰማልሻለሁ።”

ቃሪያ አኮረፈች። ቢሆንም እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የምታምነው አክስቷን ብቻ ነውና እምቢ አላለችም። ለሽልማቱ የተሰፋላትን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ከአዳራሹ ማዶ ከሻይ ሻጯ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ ገባች። በሩ ላይ የቆሙትን ጥበቃዎች በዓይኗ ለካቻቸው። ኮት ሽጉጥ ደብቆ ከሆነ ከአቀማመጡ ታውቃለች፤ ምንም የለም። የሰጧትን አበባ አራገፈችው። የቀረበላትን ውሃ አልጠጣችም።

“ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሠርግ ቤት ገብተሽም ሌባ ነው የምትፈልጊው” አላት ከጎኗ የተቀመጠው ሽማግሌው አናጺ፣ የድሮ የእስር ጓደኛዋ።

“እባብ ያየ በልጥ በረየ” አለችው።

ጊዜው ቢሄድም በሩ አልተቆለፈም፤ ማንም ማንንም አልነካም። ሽልማቱ የምር ሽልማት ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ አንጀቷን በላቻት። በራሷ ፍርሃት የልጅቷን ቀን ማበላሸቷ አሳፈራት፤ ንግግሩ ሲያልቅ ወጥታ ልትጠራት ቆረጠች።

ከንቲባው ማር በሚመስል ድምፅ እያነበበ ነው። “ጀግኖቻችን ብልሆችም ነበሩ። በተሰበሰቡ ቁጥር አንድ ሰው ውጭ ይተዉ ነበር፤ ከሁሉም የሚሳሱለትን።” አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

ልብስ ሰፊዋ ዞራ በሩን አየች። ይህን ደንብ ከትግሉ ሰዎች በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ ለመታሰቢያ መጽሔቱ ነው ብሎ ለመጣው ትሑት ወጣት የተረከችለት ግን ራሷ ናት። ሲያቀብጣት። ልጁ “እንዴት ያለ ብልሃት ነው!” እያለ ሲያደንቃት እሷም ደስ ብሏት ጨመረችለት። ውሃውን የጠረጠረች ሴት ሙገሳውን ጠጣችው። ተነሥታ ወደ በሩ ሮጠች፤ የከለከላት የለም።

አግዳሚው ባዶ ነው።

“ልጅቷስ?”

ሻይ ሻጯ ብርጭቆ እያጠበች ቀና አለች። “አሁን ነው ሁለት ልብሳቸው ያማረ ሰዎች በመኪና የወሰዷት።”

“ዝም ብላ ሄደች?”

“መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። በኋላ ‘አክስትሽ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ትግባ ብላለች፤ ተሸላሚ በክብር መኪና ነው የሚገባው’ ሲሏት ደስ ብሏት ተነሣች። ቀሚሴ አልተጨማደደም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።”

ልብስ ሰፊዋ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ስሟ እየተጠራ ነበር። ሰዉ ሜዳሊያዋን ልትቀበል የመጣች መስሎት አጨበጨበላት። መድረኩ ላይ ወጣች። ከንቲባው ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ሊያጠልቅ ሲል እጁን ያዘችው።

“ልጄን የት ወሰዳችኋት?” አለች በማይክሮፎኑ።

ጭብጨባው እየሳሳ ቆመ። ከንቲባው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ በሌላው እጁ ማይክሮፎኑን ሸፈነው። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሐኪም ቤቱ በር ላይ የጮኸችው ያለ ማይክሮፎን ነው።

“ልጄን የት ወሰዳችኋት?”

ሽማግሌው አናጺ ከወንበሩ ተነሣ።