ያልበሰለው የፖሮፖሮ ፍሬ

በታራናኪ ተራራ ሥር ባለችው የማኦሪ ነባር ሕዝብ መንደር ሜሬፔካን የማያውቅ እከክ የለም። የሕፃን ገላ ሲያሳክክ፣ ላም የሚያልብ ሰው እጁ ሲሰነጣጠቅ፣ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም ከወንዙ ዳር የፖሮፖሮ ቅጠል ቆርጣ ትቀቅላለች። ቁጥቋጦው የእምቧይ ወገን ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ።

ታላቅ ወንድሟ ታሚሃና ግን ይህን ሁሉ ቁጥቋጦ አቃጥሎ ለላሞቹ ሣር ሊዘራበት ቆርጦ ተነሥቷል። ቀኑንም ለሚመጣው ቅዳሜ ቆርጧል። የቀረው ተስፋ አንድ ብቻ ነበር። ኬሚስትሪ የተማረችው ልጁ አሪሂያ «ፍሬው ውስጥ ሶላሶዲን የሚባል መድኃኒት መሥሪያ አለ፤ ፋብሪካዎች ይፈልጉታል» ብላ ጥቂት ለቅማ ከተማ ወደምትሠራበት ላቦራቶሪ ወስዳለች። «በቂ ከተገኘበት አልነካውም» ብሎ ቃል ሰጥቷታል።

እሑድ ዕለት ተመልሳ የውጤቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ባዶ ነው፣ አክስቴ። አድርቄ ፈጨሁት፣ በአሲድ ቀቅዬ ከተጣበቀበት ስኳር አላቀቅሁት፣ ለካሁት። ከቁጥር አይገባም።»

«አላልኩም!» አለ ታሚሃና። «ዕድሜ ልኳን አረም ስትቀቅልልን ኖረች!»

የሜሬፔካ ደም ፈላ። ሆኖም ወንድሟን ትታ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«የትኛውን ነው የለቀምሽው?»

«የበሰለውን ነዋ! ቆዳው የተሰነጠቀውን። አረንጓዴውን ስነካ ‹መርዝ ነው› እያልሽ እጄን በጥፊ ስትዪኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ሜሬፔካ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የዚያ መንደር ልጅ ሁሉ በዚያ ጥፊ ነው ያደገው፤ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ያንን ጥፊ አያስረሳም።

«ወይ ልጄ! መድኃኒት ውሰጂ ብንልሽ ማርማላታ ይዘሽ ሄድሽ? መርዙና መድኃኒቱ እኮ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። ፍሬው ሲጣፍጥ ሁለቱም ጥለውት ይሄዳሉ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጸሎት አድርሳ ልጅቷን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። አሪሂያን ዳቦ ስትገምጥ አየቻትና «ሲለቀም አይበላም፣ ጣይው!» ብላ ጮኸችባት። ፀሐይ መውጫን ከሚያየው ጎን፣ አረንጓዴነቱ ገና ወደ ቢጫ ማዘንበል የጀመረውን ብቻ መረጠች፤ አንዱንም ቁጥቋጦ አላራቆተችም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሪሂያ አዲሱን ፍሬ ከተማ አስለክታ ተመለሰችና ከደጅ ጀምራ እየጮኸች ገባች።

«ከአሥር እጥፍ በላይ! አለቃዬ አላምን ብሎ ሁለቴ አስለካኝ። ማን እንደመረጠው ሲጠይቀኝ ‹አክስቴ› አልኩት!»

ሜሬፔካ አገጯን ቀና አደረገች። ደስታዋን ልደብቅ ብትልም አትችልም ነበር፤ ደግሞም አልፈለገችም።

ታሚሃና ያመጣችውን ወረቀት አገላብጦ አየው። «እሺ፣ ቃሌ ቃል ነው። ለመሆኑ ይሄ ሶላሶዲን ምን ይሠራል?»

አሪሂያ ትንሽ አፈረች። «ሴቶች እንዳያረግዙ የሚውጡት እንክብል ይሠራበታል፣ አባዬ።»

«አይ ነጭ! ከአረም ውስጥ ይህን ከነሱ በቀር ማን ያስበው ነበር?»

ሚስቱ ራውኩራ ከምድጃው አጠገብ ስኳር ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ከአሪሂያ በኋላ ለምን እንዳልወለድን አስበህ ታውቃለህ?»

«እግዜር አልሰጠንማ።»

«እግዜርማ ይሰጥ ነበር። እሷን ስወልድ ደሜ አልቆ ነበር፤ ሐኪሙ ‹ከደገምሽ ትሞቻለሽ› አለኝ። ለአንተ ብነግርህ ‹ወንድ ልጅ ሳላይ አይሆንም› ልትለኝ ነው። ለእህትህ ነገርኳት፤ እንዳላረግዝ የዚሁን ቅጠል ቀቀለችልኝ።»

ታሚሃና ሚስቱን አየ፤ ልጁን አየ። እህቱ ይህን ሁሉ ዘመን ስድቡን እየጠጣች ምሥጢሩን እንደያዘች ሲገባው ወደ እሷ ዞረ።

«ላቃጥለው ነበር እኮ» አለ።

ሜሬፔካ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም።

«ነገ ሥራ ፈት ነህ ማለት ነው» አለችው። «ላሞችህ እንዳይገቡበት አጥር ታጥርለታለህ።»