ከሥር በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው

ፀጉር ሠሪዋ ከድርጅት የተላከላትን የፀጉር ቅባት በቀጥታ ስርጭት ታሞጋግሳለች። ስልኩን ይዛ የምትቀርጻት አክስቷ ናት። ተከፍሎት የሚያስተዋውቅ ሰው ይህንኑ በግልጽ ይናገር የሚል ደንብ ከወጣ ሰንብቷል። ፀጉር ሠሪዋም ደንቡን አከበርኩ ብላ፣ ከምስሉ ሥር ጉንዳን በሚያክሉ ፊደላት ጻፍ አድርጋዋለች።

አክስቷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋርማሲ ቆማ የመድኃኒት መመሪያ ለደንበኛ ጮክ ብላ ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ጥቃቅን ጽሑፍ ካየች አያስችላትም። መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣ "ማስታወቂያ ነው። ተከፍሏታል፤ ቅባቱም በነጻ የተሰጣት ነው" ብላ አነበበችው።

ማበጠሪያው ከፀጉር ሠሪዋ እጅ አመለጠ። "አክስቴ፣ ጉድ ሠራሽኝ።"

"ምነው፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?"

ወዲያው አስተያየቱ ይጎርፍ ጀመር። "እኚህን ሴትዮ እንዳትለቂያቸው" ይላል አንዱ። "አሁን ገና አመንኩሽ" ትላለች ሌላዋ። ፀጉር ሠሪዋን ሳቅ አፈናት። "በይ እንግዲህ፣ አንቺው ንገሪያቸው" ብላ ስልኩን ተቀብላ ወደ አክስቷ አዞረችው።

አክስት ሻሿን አስተካከለች። "ቅባቱስ ጥሩ ነው" አለችና ትንሽ አሰብ አደረገች። "ግን አክስቷ ነኝ። ከተላከላትም ሁለቱ ጠርሙስ እኔ ቤት ነው ያለው።"